የቢጫዋ መኪና አገጭ

«ዘነበች!»

«የለችም፣ አባ። ሄዳለች።»

«አሃ። ረሳሁት እኮ።»

እኔና አባቴ ይቺን ንግግር በቀን ቢያንስ ሦስቴ እንደግማታለን። ጋራዡ ውስጥ መዶሻ ላሜራ ላይ ሲያርፍ ከሰማ ይጠራታል። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር «ዘነበች፣ ያቺን ቀለም የተቀባች መኪና አስገቢያት» ይላል። ከሄደች እኮ ዓመት አልፏታል! እኔ ደሞ አጠገቡ ነኝ። የወለደኝ ልጁ ነኝ። ሕይወት ነው ስሜ፣ ራሱ ነው ያወጣልኝ። አንድ ቀን እንኳን ተሳስቶ፣ እሷን ሊጠራ ብሎ እኔን ጠርቶኝ አያውቅም።

አልሞተችም፣ እንዳታዝኑ። ሺሺንዳ ናት፣ እኛ ካለንበት ከቦንጋ በሚኒባስ ቅርብ ነው። ግን ከኛ ጋራዥ ለምን እንደወጣች ከሷ ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ዓመት ሙሉም አፌን ይዤ ቆየሁ። ስለሷ ጥሩ ጥሩውን ብቻ እንድጽፍ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። ቀንቼባታለሁ። አሁንም እቀናባታለሁ። የማልረሳትም ለዚህ ይመስለኛል። የወደዱት ሰው ይረሳል፣ የቀኑበት ግን እንዴት ተደርጎ?

በመካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ አዲስ አበባ ሥራ ፈለግኩ። ሁሉም ልምድ ይላል። ልምዱን የት ላምጣው? ሲመረኝ «ለጊዜው አባዬ ጋ ልሥራ» ብዬ ተመለስኩ። ዘነበችን በእረፍት ስመጣ ከሩቅ አያት ነበር እንጂ አናግሬያት አላውቅም፤ እውነቱን ለመናገር ጋራዡ ስለሚያቆሽሸኝ ብዙም አልሄድም ነበር። የመጀመሪያ ቀን ስገባ አንድ ፒካፕ ስር ተኝታ ነበር። የሚታየው የወንድ ቦቲ ጫማ ያደረገ እግሯ ብቻ ነው።

«ማናት? ብርሃን ጋርደሽብኛል።»

«ሴት መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«በሽቶሽ። የቤንዚኑን ሽታ አጠፋሽብኝ እኮ።»

«እኔ የጋሽ ወልዴ ልጅ ነኝ።»

«የጋሽ ወልዴ ልጅ ብርሃን አትጋርድም እንዴ? ዘወር በይ!»

ዘወር አልኩ። ከዛ ቀን ጀምሮ ነው የጠላኋት፣ ወይም ልጠላት የሞከርኩት።

ዘነበች ባቲላሜራ ናት፤ ተጋጭቶ የተጨማደደ የመኪና አካል ቀጥቅጣ ወደ ቦታው የምትመልስ። ቦንጋ አጠገብ ያለችው የማንኪራ ገጠር ልጅ ናት። አባቷ ጫካ ውስጥ ቀፎ እየሠራ ዛፍ ላይ የሚሰቅል ሰው ነው። ትምህርቷን ከስምንተኛ ክፍል አቁማ፣ መጀመሪያ ጋራዡ በር ላይ መኪና ታጥብ ነበር። አንድ ቀን እያጠበች «ጋሼ፣ ይሄ በር ትናንት ተሠርቶ ወጣ ያላችሁት፣ እዚህ ጋ እኮ አልተስተካከለም» ብላ ለአባቴ ነገረችው አሉ። ሠራተኞቹ ሳቁባት። አባቴ ሄዶ በሩን ዳሰሰና ባልዲውን ከእጇ ተቀብሎ መዶሻ ሰጣት። አምስት ዓመት አብራው ሠራች። እኔ ዩኒቨርሲቲ የነበርኩበት አምስት ዓመት ማለት ነው።

ብሎኖቹን አፏ ውስጥ ይዛ ታወራለች። ከአፏ የምታወጣቸው ስትናደድ ብቻ ነው። ላሜራ እምቢ ሲላት በካፊኖኖ ትሳደባለች፣ ሲታዘዝላት በአማርኛ ትመርቃለች። የቸርቿን መዝሙር በመዶሻ ምት ትዘምራለች፣ ድምጿ ከፍ የሚልበት ቦታ ሲደርስ ግን ስለማትችለው ዘላው ታልፋለች። እናቴ የቋጠረችልኝን ምሳ ሳታስፈቅደኝ ትበላለች። ስቆጣት «አንቺ ሞልቶልሻል፣ እናትሽ ነገም ትቋጥርልሻለች» ትለኛለች።

አባባሎችም ነበሯት። «ላሜራ የተመታበትን አይረሳም፣ እያባበልሽ ነው ምታስረሺው» ትላለች። «አይን ይሸነገላል፣ እጅ አይሸነገልም» ትላለች። የተስተካከለ መሆኑን የምታውቀው አይኗን ጨፍና በመዳፏ በማሸት ነው። እኔ ለዚህ ሥራ የሚሆን መለኪያ ከአዲስ አበባ ይዤ መጥቼ ነበር። አንድ ቀን እሷ በመዳፏ ያገኘችውን ስርጉድ በመለኪያዬ ሳጣው፣ መለኪያውን ሳጥን ውስጥ ቆለፍኩበት።

ይሄ ሁሉ ግን ቀላል ነው። ያቃጠለኝ የአባቴ አይን ነገር ነው።

አባቴ ስኳር አለበት፣ ስኳሩ ደሞ አይኑ ላይ ወጣ። ድሮ ያለቀ መኪና ፀሐይ ላይ አስቁሞ አንድ አይኑን ጨፍኖ ያየው ነበር፤ እሱ ካላየው መኪና አይወጣም። እኔ ስመለስ ያን ማድረግ አልቻለም። ግን ለማንም አልተናገረም፤ ዝም ብሎ ያያል፣ «ጥሩ ነው» ይላል፣ ያመልጠዋል። እኔ እንደተማረ ሰው አሰብኩ። ጅማ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አስያዝኩ፣ ካርዱን አወጣሁ፣ ሠራተኛው ፊት «አባ፣ ማክሰኞ አይንህን ትታያለህ» አልኩት።

«እውር ነው ብለሽ ልታስመዘግቢኝ ነው?» ብሎ ጮኸብኝ። ሦስት ቀን አላናገረኝም።

በአራተኛው ቀን ዘነበች አንድ የጨረሰችውን መኪና ይዛ ቆማ ጠራችው።

«ጋሼ፣ እስቲ በእጅዎ ይዩልኝ። የኔ እጅ ዛሬ ደርቋል መሰለኝ፣ አልሰማ አለኝ።»

እጇ አልደረቀም። ውሸቷን ነው። አባቴ መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈና ቀስ ብሎ ሄደበት። ቆመ። «እዚህ ጋ» አለ።

«አለ አይደል? እኔ እኮ አጣሁት!»

እሷ ያቺን ስርጉድ አውቃ ትታት እንደነበር እወራረዳለሁ። ከዛን ቀን ጀምሮ አባቴ መኪናውን ሁሉ በመዳፉ ያያል፣ እንደ ድሮው ሰው ይቆጣል፣ እንደ ድሮው «አይወጣም!» ይላል። ሁለት ሳምንት ቆይቶ ራሱ «ያ የጅማው ቀጠሮ እንዴት ሆነ?» አለኝ። እኔ በሐኪም ካርድ ያላገኘሁትን አባቴን፣ እሷ በአንዲት ውሸት አገኘችው። እቃ እየመዘገብኩ በመስኮት ነበር የማያቸው።

ወዲያው ደሞ ሁለታችንን ጠርቶ ተናገረ። «እኔ ከፋሲካ በኋላ ወንበር ላይ ነኝ። የጋራዡን ቁልፍ ከሁለታችሁ ላንዳችሁ እሰጣለሁ። ልጄ ነሽ ብዬ አልሰጥሽም፣ ልጄ አይደለሽም ብዬም አልከለክልሽም። ሥራችሁን አይቼ ነው።» እኔ ሌላ የምሄድበት የለኝም። ያ ቁልፍ ካልተሰጠኝ የአባቴ ጋራዥ ውስጥ የዘነበች እቃ መዝጋቢ መሆኔ ነው።

ቢጫዋ መኪና የመጣችው ያኔ ነው።

የጋሽ ከድር ናት። ጋሽ ከድር ገበያው ጋ ትልቅ ሱቅ ያላቸው፣ ከወልቂጤ መጥተው ቦንጋ ላይ ሀብት ያፈሩ ነጋዴ ናቸው። በሕይወታቸው አንድ ቅብጠት አለቻቸው፣ እሷም ይቺ መኪና ናት። አዲስ አበባ ከአንድ አገሩ ከሚገባ ፈረንጅ የገዟት፣ ሁለት በር ያላት፣ ዝቅ ያለች የድሮ የጀርመን ስፖርት መኪና። ሞተሯ ከኋላ ነው። ራዲያተር የላትም፤ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ነው። ሰዉ «ውሃ የማትጠጣዋ» ይላታል። እቃ የሚጫነው ደሞ ከፊት ነው፣ ሌላ መኪና ሞተሩን የሚያስቀምጥበት ቦታ።

«ወልዴ፣ ቢጫዋ አገጯን ተሰበረች» አሉ ጋሽ ከድር ገብተው።

አገጭ ያሉት የፊቱን ስፖይለር ነው፤ ከፓራውልቱ ስር ወደ መሬት ወጣ ብሎ ነፋስ የሚቆርጠው። ያለሱ በፍጥነት ስትነዳ አፍንጫዋ ይቀላል። «ከጅማ ወዲያ ትንሽ ፈጠን ልበል ስል መሪው እንደ ወረቀት ይሆንብኛል» አሉ። የሳቸው ድንጋይ ላይ ተከስክሷል። ችግሩ ልጃቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ አበባ ኒካህ አላት፣ ሙሽራዋ የምትወጣው ደሞ በዚች መኪና ነው። ቴሌግራም ላይ ፈልጌ የፋይበር ስፖይለር ዱባይ አገኘሁላቸው፤ ለመድረስ ሁለት ወር ይፈጃል። ስለዚህ እዚሁ ከላሜራ መሥራት ግድ ሆነ።

«ሁለቱም ምን ዓይነት እንደሚሻል ያሳዩህ፣ አንተ ምረጥ» አላቸው አባቴ። ወደኛ ዞሮ ደሞ «ቁልፉንም በዚሁ አየዋለሁ» አለ።

ሦስት ቀን ላፕቶፔ ላይ ተተከልኩ። የመኪናዋን የፋብሪካ ልክ አወረድኩ፣ ከፍታዋን አሰላሁ፣ ጥልቅ ብሎ ወደ ፊት የሾለ ስፖይለር ሳልኩ። ቢጫ ከስሩ ጥቁር መስመር ያለው። ስዕሉን ሳዞረው መኪናዋ ቆማ እንኳን የምትሮጥ ነበር የምትመስለው።

ዘነበች እሁድ ከቸርች በኋላ ማንኪራ ሄደች። ሰኞ አንድ ጥቅል ሐረግ ትከሻዋ ላይ አድርጋ መጣች። አባቷ የቀፎ ቀለበት እንደሚያጎብጠው በውሃ እያራሰች አጎበጠችው፣ በእንሰት ቃጫ ፓራውልቱ ስር አሰረችው። አጭር ነገር ነው፣ ከመሬት ስንዝር ከምናምን የራቀ።

ጋሽ ከድር ሲያዩት ሳቁ። «ምንድነው ልጄ፣ ንብ ልታስገቢበት ነው?»

«ከገባልዎት ይጠላሉ? ማር ነው እኮ!»

«አይ፣ ይሄማ ጢም ያላወጣ ጎረምሳ አስመሰላት።» ወደኔ ላፕቶፕ ዞሩ። አይናቸው በራ። «ማሻአላህ! ይሄ ነው! ወልዴ፣ ና እየው የልጅህን ሥራ!»

አባቴ መጣ። ስክሪኑ ላይ ጎንበስ አለ። ብዙ ቆየ። «እኔ እዚህ ላይ ምኑን ልየው» አለና ቀና ብሎ ወደ ሐረጉ ሄደ። ተንበርክኮ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው። ፊቱ ድሮ መኪና አምሮ ሲያልቅለት የሚሆነውን ሆነ። ያሸነፍኩት እኔ ነኝ፣ ደንበኛው የኔን መርጧል፣ እኔ ግን ቆሜ የአባቴን እጅ እያየሁ በሐረግ ቀናሁ።

የኔን የምትሠራው ዘነበች ነች፤ እኔ ላሜራ መቀጥቀጥ አልችልም። አንዲት ሚሊ ሳታዛንፍ በስዕሉ መሠረት ሠራችው። ሊታሰር ሲል ሁለት ጀሪካን ውሃና የጋዝ ሲሊንደር ተሸክማ መጥታ ከፊት እቃ መጫኛው ውስጥ አስገባች።

«ምን እያረግሽ ነው?»

«እየጫንኩ። አንቺም ነይ ተቀመጪበት፣ የጎረቤት ቅቤ ሁኚልኝ።»

«ለምን?»

«ሕይወት፣ ከቦንጋ ባዶ መኪና ወጥቶ ያውቃል? ደሞ ለሰርግ?» ተንበረከከችና በስፖይለሩና በመሬቱ መሀል እጇን አስገባች። «አራት ጣት። መውጫው ላይ ያለው ጉብታ ስንት ጣት ነው?»

እዚህ ጋ ገባኝ። ልክ እንደተናገረችው ገባኝ። እኔ ያወረድኩት ልክ ሾፌር ብቻ የተቀመጠባት መኪና ነው። የፋብሪካው ወረቀት ላይ የካፋ ማር የለበትም። እዚሁ ተወልጄ፣ አባቴ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ እያየሁ አድጌ፣ ይሄን እንዴት ረሳሁት?

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ማንም አልሰማም። አንቺ "አሻሽዬዋለሁ" በያቸው፣ እኔ አሳጥረዋለሁ። ያንቺ ሥራ ሆኖ ይወጣል።»

ምን ነበረበት እሺ ብል? ግን ስታዝንልኝ ታየኝ። ስታዝንልኝ!

«ደንበኛው የመረጠውን ሥሪ» አልኳት። «ኢንጂነሯ ማናት?»

ብሎኖቹን ከአፏ አወጣች፣ አንድ በአንድ። «እሺ» ብቻ አለች፣ በስዕሉ ልክም አሰረችው።

አርብ ጠዋት ጋሽ ከድር መኪናዋን ሊወስዱ መጡ። «በዚሁ ወደ አዲስ አበባ ነው የምወጣው» ሲሉ ሰዉ በር ላይ ደርሷል። አንዷ ጎረቤት ለልጇ ማር፣ አንዱ ለወንድሙ ቡና፣ ሌላዋ ቅቤ፣ ኮረሪማ፣ ሰርጉ የሚበላው ማር ደሞ ብቻውን ሦስት ጀሪካን። ሁሉም ከፊት ይገባል። አንድ ጀሪካን በገባ ቁጥር የቢጫዋ አፍንጫ ዝቅ ይላል። ቆሜ አያለሁ። ዘነበች ከመኪናዋ ማዶ ቆማ እኔን ታየኛለች። ያኔ እንኳን አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። «ምናልባት ያልፍ ይሆናል» አልኩ በሆዴ፣ ኢንጂነሯ።

ከጋራዡ ወጥተው መቶ ሜትር አልሄዱም። ጉብታው ላይ የተሰማው ድምፅ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ? ትልቅ ቆርቆሮ በጥርስ የሚቀደድ ነው የሚመስለው። ስፖይለሩ ታጥፎ ስር ገባ፣ ጎማውን ቀደደው። ባጃጆቹ ቆሙ፣ ሰዉ ተሰበሰበ። ጋሽ ከድር ወርደው ጎማው ስር ሲጎነበሱ አያቸዋለሁ።

«ልጄ ዛሬ እየጠበቀችኝ ነው! ማነው የለካው? ወልዴ፣ ማነው ይሄን የለካው?»

አባቴ በግድግዳው ተደግፎ መጥቶ ደረሰ። «ማነው የለካው?» አለ እሱም፣ ቀስ ብሎ። ወደኔ ነበር የዞረው።

ልናገር ነበር፣ ቀደመችኝ ብዬ አልዋሽም። ልናገር አልነበረም።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለች ዘነበች። «ስዕሏ ላይ ከፍ ያለ ነበር። እኔ ዝቅ አርጌ አሰርኩት።»

ከዛ ማንንም ሳትጠብቅ ተንበረከከች፣ የተቀደደውን ፈታች፣ መኪናዋን ገፍተን መለስን። ጎማው ይቀየራል፣ እሷ ደሞ ግማሹን ላሜራ ቆርጣ ጣለች፣ የቀረውን በሐረጉ ልክ አጎበጠችው። ሁለት ሰዓት አልፈጀባትም። ቀለም የለው፣ ስቱኮ የለው፣ እንዲሁ አሰረችው። ጋሽ ከድር ከነማራቸው ሄዱ፣ ሙሽራዋም ሳትወጣ ደረሱ። ያ አጭር አገጭ ዛሬም መኪናዋ ላይ አለ፣ ቢጫ ተቀብቶ። በሱቃቸው በር ባለፍኩ ቁጥር አየዋለሁ። ቆንጆ ነው፣ ምን ላርግ።

አባቴ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ከፋሲካ በኋላ እንዳለው ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጠ። «ስዕልሽስ ልክ ነበር» አለኝ። «ኮራሁብሽ።»

ኮራሁብሽ ብሎኝ አያውቅም ነበር። በሕይወቴ የሰማኋት የመጀመሪያዋ «ኮራሁብሽ» የዘነበች ውሸት ናት።

ክረምት ሳይገባ መዶሻዎቿን ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከታ ሄደች። አባቴ በሩ ላይ ቆሞ ለመናት። «አንድ ስህተት ናት እኮ፣ ዘነበች። አንድ!» «አይ ጋሼ፣ የራሴን ልሞክር ብዬ ነው» አለችው። እኔን «ያቺ ነጭ ታክሲ ከሰዓት ትመጣለች፣ የግራ በሯን እንዳትረሺ» ብቻ አለችኝ።

ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ነው ያሰብኩት። እጅ ያላት፣ ወረቀት ብቻ ላላት መጸወተች። እሷ መዶሻዋን ይዛ የትም ትበላለች፣ እኔ ግን ያለ አባቴ ጋራዥ የትም አልበላም፤ ስለዚህ አዘነችልኝና ቁልፉን ጣለችልኝ። ይሄ ሀሳብ ጠዋት ቁልፉን ስከፍት አብሮኝ ይገባል፣ ማታ ስዘጋ አብሮኝ ይወጣል። ደንበኛ «ያቺ ልጅ የለችም?» ይለኛል። መቀጥቀጥ ተማርኩ፣ አውራ ጣቴ ሁለቴ ጠቆረ፣ ግን አሁንም ስመታ አባቴ «ዘነበች!» ይላል።

ባለፈው ሰኞ በአንድ ጠዋት ለአምስተኛ ጊዜ ሲጠራት መዶሻውን ወረወርኩት።

«እኔ ነኝ የለካሁት! የቢጫዋን አገጭ እኔ ነኝ የለካሁት! ነግራኝ ነበር፣ እምቢ አልኩ! ዋሸችልኝ፣ እኔም ዝም አልኩ! በቃ!»

ሠራተኛው ሁሉ ቆመ። አባቴ ወንበሩን ወደ ድምፄ አዞረ።

«ለሷ ነግረሻታል?»

«ምኑን? እሷማ ታውቀዋለች።»

«ማወቅና መንገር አንድ ነው? ቁልፉን ይዘሽ ሂጂ።»

ሺሺንዳ፣ መናኸሪያው አጠገብ፣ በአራት እንጨት ላይ ቆርቆሮ ያረፈበት ነው የሷ ጋራዥ። አንድ የተጋጨ ሚኒባስ እየቀጠቀጠች መዝሙሯን ትዘምራለች፣ ከፍ የሚለውን እየዘለለች። አየችኝ።

«ውይ! ሕይወት! ወፈርሽ እኮ!»

«ምሳዬን የሚበላብኝ የለማ።»

ሳቀች። ቁልፉን መሥሪያ ጠረጴዛዋ ላይ፣ ብሎኖቹ መሀል አስቀመጥኩት። «ለአባዬ ነገርኩት። ሁሉንም። እሱ ነው የላከኝ።»

ታመሰግነኛለች ብዬ ነበር። ብሎኖቹን ከአፏ አወጣች።

«ለምን ነገርሽው?»

«እውነት ስለሆነ ነዋ!»

«አሁን እውነቱ ምን ያረግለታል? አንቺ ቀለለሽ፣ እሱ ከበደው። ጎበዝ!»

«አንቺ ራስሽ ነሽ የዋሸሽው! ማን ለምኖሽ? ማን እዘኚልኝ አለሽ?»

«ላንቺ?» መዶሻውን አስቀመጠች። «ላንቺ አዝኜ መስሎሽ ነው ዓመት ሙሉ? አንቺንማ ያን ቀን በዚህ መዶሻ ልልሽ ነበር። እጄን የያዘኝ ጋሼ ነው። ወዳንቺ ሲዞር ፊቱን አላየሽም? "እሷ አትሁን፣ እሷ አትሁን" ነበር የሚለው ፊቱ። አምስት ዓመት እኮ፣ ሕይወት! ሰው መኪና ይዞ ሲመጣ ብልሽቱን ከመጠየቁ በፊት ስላንቺ ነው የሚያወራለት። ልጄ ፈተና አለፈች፣ ልጄ ዘንድሮ ሞተር እየተማረች ነው፣ ልጄ ስትመጣ ይሄን ጋራዥ ታየዋለህ። እኔ ከመኪና ስር ተኝቼ ነው የምሰማው። የመጀመሪያ ቀን ስትገቢ በሽቶሽ ያወቅኩሽ መሰለሽ? ስትመጪ የማላውቅ መሰለሽ? ቀኗን ሲቆጥር ከርሞ! ብርሃን ጋረድሽብኝ ያልኩሽ እኮ ጨለማ ስለሆነ አልነበረም።»

እሷ በኔ ቀንታ? በምኔ?

«ታዲያ ለምን ሄድሽ?»

«ሥራዬን አበላሸሁ ብዬ በአፌ ተናግሬ፣ በየቀኑ እያየኝ፣ በየቀኑ እየማረኝ ልኑር? አልችልም። ያንን አልቻልኩም።» ወደ ሚኒባሱ ዞረች። «ቁልፉን ውሰጂው። አልቀበልም አለች በይው።»

«ራስሽ ንገሪው» አልኩና ቁልፉን እዛው ትቼው በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለስኩ። ረሳሁት አልልም።

በማግስቱ ጠዋት ጋራዡ በር ላይ አባቴ፣ እኔ፣ ሠራተኞቹና ሦስት ደንበኞች ቆመናል። በሩ ተቆልፏል። ዝናብ እያካፋ ነው። ደንበኞቹ ያጉረመርማሉ፣ አባቴ «ሌላ ቁልፍ የለም?» ይላል፣ እኔ «የለም» እላለሁ። ሁለት ሰዓት አለፈ።

ከዛ ከመንገዱ ማዶ ባጃጅ ቆመና ስድብ ሰማን። በካፊኖኖ፣ ጠዋት ጠዋት ለሰው የማይነገር ዓይነት፣ እኔን ከነዲግሪዬ።

አባቴ ቀጥ አለ። ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አጠፈው፣ የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከለ፣ በመዳፉ ፀጉሩን አሸት አሸት አደረገ። ለኔ ምርቃት እንኳን ኮሌታውን ያስተካከልኩለት እኔ ነኝ።

ዘነበች በሩን ከፈተችው፣ ቁልፉን ቱታዬ ኪስ ውስጥ ወረወረችው። «ሁለተኛ ሥራ አስፈትተሽ እንዳታስመጪኝ» አለችኝና አባቴን በክንዱ ይዛ ወደ ወንበሩ ወሰደችው። እስከ ምሳ ሰዓት ተቀምጠው አወሩ። ምን እንዳወሩ አላውቅም፣ ሳቃቸው ብቻ ነው የሚሰማኝ። እኔ የሚኒባስ በር እየገጠምኩ ነበር። ሂጂና አብረሻቸው ተቀመጪ ይለኛል አንዱ ልቤ፣ ሌላው ሥራሽን ሥሪ ይለኛል፣ ቁልፉ አንቺ ኪስ ውስጥ ነው። አባቴ እንደገና ሳቀ፣ ለኔ ስቆ በማያውቀው ሳቅ። ብሎኑን ከልኩ በላይ አጠበቅኩትና እጄ ላይ ተቆረጠ።